ቀዩ ጽሑፍ ያለበት ፎቅ ባንኩን አልገደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየአቅጣጫው እየደረሰኝ ነው። መጀመሪያ አብሮ አደጌ ላከልኝ፣ ከዚያ የማኅበራችን ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ ትናንት ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ይሄ እናንተ ከተማ ያለው ፎቅ አይደለም እንዴ?» ብላ ላከችው። አዎ፣ እኛው ከተማ ያለው ነው። ፊላደልፊያ መሀል ከተማ፣ የማርኬት ጎዳናና የ12ኛው መንገድ ጥግ ላይ የቆመው፣ አናቱ ላይ ፒኤስኤፍኤስ የሚሉ አራት ቀይ ፊደላት ያሉት ባለ 36 ፎቅ ሕንፃ። ፊደላቱ የፊላደልፊያ የቁጠባ ፈንድ ማኅበር የሚለው የባንኩ ስም ምሕጻር ናቸው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ሕንፃው በዓለም ለባንክ የተሠራ የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ነው። የአንድ ስዊዘርላንዳዊ ሊቅ ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው ሸሪኩ ደንበኛ ከማምጣት ያለፈ ድርሻ አልነበረውም። ጌጥ የሌለው በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ገንዘብ ስላለቀባቸው ነው። የባንኩን አዳራሽ ከምድር ቤት ወደ ላይ ያወጡት ድሃው ከመንገድ ዘው ብሎ እንዳይገባ ነው። በመጨረሻም ያ ሁሉ ወጪ ባንኩን ራሱን ገደለው፤ ስለዚህ ዛሬ ሆቴል በሆነ ሕንፃ ላይ የሞተ ባንክ ስም ማብራት ውሸት ነውና ጽሑፉ ይውረድ። መደምደሚያቸው ደግሞ ለእኛ ነው፦ ባንክህ ፎቅ መሥራት ሲጀምር ገንዘብህን ይዘህ ሽሽ።

ጽሑፉ አያያዙ ጥሩ ነው፣ ለዚህም ነው ሰው የተቀባበለው። የሚያነሳው ጥያቄም ተገቢ ነው። ባንክ በአስቀማጭ ገንዘብ ምን ይሠራበታል ብሎ መጠየቅ የማንኛውም አስቀማጭ መብት ነው። ግን ለዚህ ጥያቄ የተመረጠው ምሳሌ የተሳሳተ ነው። እኔ እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያው ሥራዬ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነበር። መንገዱን ሳላውቅ በፊት አቅጣጫዬን የምለየው በዚያ ቀይ ጽሑፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕንፃው ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰማይ ጠቀሶች አባት የሚባለው የቺካጎው ባለ 10 ፎቅ ሆም ኢንሹራንስ በ1885 ተሠርቷል። ለባንክ የተሠራ ከተባለ ደግሞ ኒውዮርክ ዎል ስትሪት ላይ ያለው የባንከርስ ትረስት ሕንፃ በ1912 ተጠናቋል፤ ከፊላደልፊያው 20 ዓመት ይቀድማል፣ ቁመቱም ይበልጠዋል። የኛው ሕንፃ ቀዳሚነት ሌላ ቦታ ነው። በ1932 ሲከፈት፣ «ዓለም አቀፍ ስልት» በተባለው፣ ጌጥን ትቶ ቀጥ ያለና ግልጽ ቅርጽ በሚመርጠው አሠራር አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ሕንፃ ነበር። የኒውዮርኮቹ ፎቆች ክራይስለር በ1930፣ ኢምፓየር ስቴት በ1931 ነው የተጠናቀቁት። እኩዮቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ግን እነሱ ወደ ላይ እየጠበቡ ሄደው ሾጣጣ ጫፍ ሲያወጡ፣ ይሄ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ያልቃል። ዛሬ በየከተማው የምናየው ዓይነት ቀጥ ያለ የመስታወት ፎቅ ኒውዮርክ ላይ በደንብ የታየው በ1950 በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት፣ በ1952 በሊቨር ሃውስ ነው። ፊላደልፊያ ላይ አንድ የቁጠባ ባንክ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወደዚያው መንገድ ገብቶ ነበር። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሱት ኖሮ ከ«በዓለም የመጀመሪያው» በላይ ያስደንቅ ነበር።

ስለ ሊቁ። ዊሊያም ሌስኬዝ ትልቅ አርክቴክት መሆኑን አልክድም። ጄኔቫ አካባቢ ተወልዶ፣ ዙሪክ ተምሮ፣ በ1920 ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው ነው። የሕንፃው መልክ ብዙው የእሱ እጅ እንዳለበት የሚስማሙ ብዙ ናቸው፣ እኔም እስማማለሁ። አሜሪካዊውን ሸሪኩን ጆርጅ ሃውን ግን ደንበኛ አምጪ ብቻ ማድረግ ትልቅ በደል ነው። ሃው ከሌስኬዝ ጋር በ1929 ከመሻረኩ በፊት ለዚሁ ባንክ ቅርንጫፎች ሠርቷል፣ ለዚሁ ቦታም ንድፍ አቅርቧል። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ለፊላደልፊያ ሀብታሞች በአሮጌው ዘዬ ያማረ ቪላ በመሥራት ነበር። ዕድሜው አርባን አልፎ፣ ገቢው ተረጋግቶ፣ ስሙ ገኖ ሳለ ያንን ሁሉ ትቶ ወጣ። ጠንቃቃ የቁጠባ ባንክ ኃላፊዎችን ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት ዓይነት ሕንፃ እንዲሠሩ ማሳመን ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሦስተኛ ሰውም አለ። ጽሑፉ ስሙን እንኳ አላነሳውም። ጄምስ ዊልኮክስ፣ የባንኩ ፕሬዚዳንት። አርክቴክቶቹ የፈለጉት ኮለኖቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ፊቱ ላይ ወለሎቹ ብቻ በአግድም እንዲታዩ ነበር። ዊልኮክስ ግን ሕንፃው ወደ ላይ ሲወጣ መታየት አለበት ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ኮለኖቹ ወደ ውጭ ወጡ። ዛሬ ማርኬት ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ፣ በጎን በኩል ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጡ የሚወጡትን ፈዛዛ የድንጋይ ዓምዶች ታያላችሁ፤ የዚያ ክርክር ውጤት ናቸው። በእኔ እይታ የሕንፃው ውበት ግማሹ እነሱ ናቸው። አንድ የባንክ ሰው አርክቴክቶቹን ተከራክሮ ያተረፈልንን ነገር ለአንድ ሊቅ ብቻ መስጠት ልክ አይደለም።

«ጌጥ የሌለው ገንዘብ ስላለቀ ነው» የሚለው በጣም የተወደደው ነጥብ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው እሱን ነው እየቆረጠ የሚያጋራው። እስቲ አብረን እናስበው። ሕንፃው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ለዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው። ከታች ያለው የተወለወለ ግራናይት ነው፣ ጥጉ ላይ ተጠማዞ የሚዞር። ውስጡ እብነ በረድ ነው። በ33ኛው ፎቅ ያለው የቦርድ መሰብሰቢያ ክፍል ውድ እንጨት የለበሰ ነው። ሰዓቶቹ ከፓሪሱ ውድ ጌጥና ሰዓት ሠሪ ከካርቲየር የመጡ ናቸው። መላው ሕንፃ በማሽን እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ካለው የሚላም ሕንፃ ቀጥሎ በአሜሪካ እንዲህ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ሁለተኛው ረጅም ሕንፃ ነበር። ገንዘብ ያለቀበት ሰው ከካርቲየር ሰዓት አያዝም። የሲሚንቶና የጂብሰም ጌጥ ከዚህ ሁሉ ይረክስ ነበር።

ጌጥ ያጣው ስላመኑበት ነው። ሕንፃውን ዞር ብላችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን በዕቃው ይናገራል። ዓምዱ በአንድ ዓይነት ድንጋይ፣ በመስኮቶቹ መካከል ያለው በጡብ፣ አሳንሰሮቹ ያሉበት የጀርባው ክፍል ደግሞ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ጡብ። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1932 ታዋቂውን የዘመናዊ አርክቴክቸር ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ይሄንን ሕንፃ አካቶታል። በገንዘብ እጦት ራቁቱን የቀረ ሕንፃ ለዚያ አይመረጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። ሰው ሥራ ባጣበት፣ ዳቦ ለመቀበል በሚሰለፍበት ዘመን 8 ሚሊዮን ዶላር ለሕንፃ ማውጣት ይከብዳል። ቢሮዎቹም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ተከራይ አላገኙም። ይሄንን ቢሉ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። ግን ያሉት ተቃራኒውን ነው። ገንዘብ አልቆባቸው ነበር አሉ፣ ዝቅ ብለው ደግሞ በወጪ ብዛት ከሰሱት። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ዝም እንዳልል ያደረገኝ እሱ ነው። «አዳራሹን ወደ ላይ ያወጡት ድሃ እንዳይገባ ነው» የሚለው።

እውነት ነው፣ የባንኩ አዳራሽ ምድር ላይ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ሁለተኛ ፎቅ ይሉታል፣ በእኛ አቆጣጠር አንደኛ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ የተሰጠው ለሱቅ ነው። ለምን? ማርኬት ጎዳና የመገበያያ ጎዳና ስለሆነ፣ ከመንገዱ እኩል ያለው ቦታ ከሁሉም በላይ ኪራይ ስለሚያወጣ። መርካቶ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። እዚያ ምድር ቤት ያለ ሱቅና ላይ ፎቅ ያለ ሱቅ ኪራያቸው ሰማይና ምድር ነው። ባለሱቁ ላይ የወጣው ድሃ ለማራቅ ነው የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ባንኩ ደግሞ ሰው በእግሩ ደረጃ እየወጣ እንዲደክም አልተወውም። ኤስካሌተር አደረገለት። ቆመህ ብቻ ትወጣለህ፣ ከዚያ ትልቅ፣ ብርሃን የሞላው አዳራሽ ውስጥ ትገባለህ።

ቦታውንም እዩት። የባንኩ የድሮ ዋና መሥሪያ ቤት ዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ፣ ዋልነት ጎዳና ላይ ነው። ጸጥ ያለ፣ የተከበረ ሰፈር። ድሃ ማራቅ የፈለገ ባንክ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ይሄ ግን ወደ ማርኬት ጎዳና መጣ። ያኔ ከፊቱ የሬዲንግ ባቡር ጣቢያ ነበር፣ ከሥሩ የምድር ውስጥ ባቡር ያልፍ ነበር፣ ዙሪያው ትልልቅ መደብሮች ነበሩ። ሠራተኛው፣ ሻጯ፣ ከገጠር በባቡር የመጣው ሰው በየቀኑ የሚያልፍበት ጥግ ነበር። ደንበኛው ወዳለበት ነው የሄደው።

ደንበኛው ማን እንደነበር ደግሞ ታሪኩ ይናገራል። ፒኤስኤፍኤስ በ1816 በኮንዲ ራጌት መሪነት ሲጀመር ዓላማው አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ጥቂት ጥቂት እንዲያስቀምጥ ነበር። ባለአክሲዮን አልነበረውም፣ የጋራ ቁጠባ ማኅበር ነው፤ ለብዙ ዘመን በዚያው ኖሯል። የመጀመሪያው አስቀማጭ ከርቲስ ሮበርትስ የሚባል ጥቁር ሰው ነው፣ የራጌት የቤት አገልጋይ። ያስቀመጠው 5 ዶላር ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሰው ራሱ በገንዘብ በሚሸጥበት ዘመን ማለት ነው። በኋላ ደግሞ ባንኩ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ሳንቲማቸውን የሚያስቀምጡበት አሠራር ነበረው። ዕድሜያቸው የገፋ የፊላደልፊያ ሰዎችን ብትጠይቁ ያንን የልጅነት ደብተራቸውን ያነሱላችኋል። እርግጥ በ1816 አንድ ጥቁር ሰው መጀመሪያ አስቀመጠ ማለት በ1932 ሁሉም ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ እኩል ተስተናገደ ማለት አይደለም፣ እሱን አልልም። ግን ድሃ ለማራቅ የተሠራ ሕንፃ ነው ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ማስረጃ ኤስካሌተሩ ብቻ ነው።

ቁመቱስ የሀብታም ትዕቢት አይደለም ወይ የሚል ካለ፣ ቁመቱ ወደ 150 ሜትር ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ ማማ፣ ከዊልያም ፔን ሐውልት ጋር፣ 167 ሜትር ነው። በፊላደልፊያ ከፔን ባርኔጣ በላይ ማንም አይሠራም የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ነበር፤ እስከ 1987 ድረስም ተከብሮ ኖሯል። ባንኩም ከዚያ በታች ነው የቆመው።

«ፎቁ ባንኩን ገደለው» የሚለው ላይ ቀኖቹን ማየት ብቻ ይበቃል። ሕንፃው በ1932 ተከፈተ። ባንኩ በተቆጣጣሪዎች የተዘጋው ዲሴምበር 11፣ 1992 ነው። በመሀል 60 ዓመት አለ። ባንኩ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ውድቀቱን አልፏል፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አልፏል፣ ከዚያም በኋላ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። 60 ዓመት ቆይቶ የሚገድል ወጪ ምን ዓይነት ነው?

የገደለው ሌላ ነው። የቁጠባ ባንክ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ለቤት መግዣ ለረጅም ዓመት በተቆረጠ ወለድ ያበድራል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወለድ መጠን ሲተኮስ፣ ለአስቀማጩ የሚከፈለው ወለድ ከድሮው ብድር ከሚገባው በለጠ። ማለትም ባንኩ በእያንዳንዱ ቀን ይከስራል። ይሄ በመላው አሜሪካ የቁጠባ ባንኮችን ያጠፋ በሽታ ነው፣ ፎቅ ያለውንም የሌለውንም። በዚያ ላይ በ1982 ዌስተርን የሚባል ሌላ የፊላደልፊያ የቁጠባ ባንክ ሊወድቅ ሲል፣ የፌዴራሉ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት ፒኤስኤፍኤስ እንዲረከበው ተስማማ። የዌስተርን ዕዳ ከንብረቱ ይበልጥ ነበር። ያ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ጉድለት በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ካፒታል እንዲቆጠር ተፈቀደ። ከዓመታት በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡና ተጨማሪ እውነተኛ ካፒታል አምጣ አሉት። በዚያን ጊዜ ስሙን ሜሪተር ብሎ ነበር። ቅርንጫፎቹን ለሜሎን ባንክ እስከ መሸጥ ደረሰ፣ አልተረፈም። ባለአክሲዮኖቹ መንግሥትን ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም መንግሥት ውሉን አፍርሷል ብሎ 276 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ፈረደ።

የባንኩ አመራር ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በ1980ዎቹ ከለመደው ሥራ ወጥቶ በፍጥነት ተስፋፍቷል፣ እሱም ዋጋ አስከፍሎታል። ጸሐፊው ያንን ቢተቹ አብሬ እተች ነበር። የጆርጅ ሃው ግራናይት ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም።

የቀረው ቀዩ ጽሑፍ ነው። በኋላ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይደለም። ከመጀመሪያው የንድፉ አካል ነው። ፊደላቱ እያንዳንዳቸው 27 ጫማ፣ ከ8 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከኋላቸው ያሉትን የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ይሸፍናሉ። ስምን በምሕጻር ሕንፃ ላይ መስቀል ገና ባልተለመደበት ዘመን ነው ያደረጉት፣ ሙሉ ስሙ ከሩቅ ሊነበብ ስለማይችል። ሕንፃው በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። በ2000 ሎውስ ሆቴል ሆኖ፣ 581 ክፍሎች ይዞ ሲከፈት ጽሑፉ እንዳለ ቀረ። ሆቴል ሲሆን የጠፋ ነገር የለም አልልም፤ ያ አዳራሽ እንደ ድሮው ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ ክፍት አይደለም፣ ድግስና ስብሰባ ነው የሚደረግበት፤ እሱ ያሳዝነኛል።

ስሙ ግን ውሸት ነው? እኛ ለገሐር እንላለን፣ ባቡሩ ከዚያ መነሳት ካቆመ ቆየ። ካዛንቺስ እንላለን፤ ስሙ የመጣው በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው የጣሊያን መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሄደ 80 ዓመት አልፎታል፣ ሰፈሩም አብዛኛው ፈርሷል፣ ሰው ግን ካዛንቺስ ማለቱን አልተወም። ማንም ተሳስቶ ባንክ ፍለጋ ወደ ሎውስ ሆቴል አይገባም። የከተማው ሰው ያንን ቀይ ጽሑፍ የሚያየው ቤቱ የት አቅጣጫ እንደሆነ ለማወቅ ነው፣ እኔም እንደዚያው።

ጸሐፊው ወደ እኛ ባንኮች ማምጣታቸው ላይ አልጣላም። አዲስ አበባ ውስጥ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜ የነደፈው የ1965ቱ ክቡ ንግድ ባንክ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ በ2022 የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሆነው አዲሱ ፎቅ። ሌሎቹም ባንኮች እየሠሩ ነው። ስለ እነሱ መጠየቅ ከተፈለገ የሚጠየቀው ግልጽ ነው፦ ከየትኛው ገንዘብ ተሠራ? ስንቱ ፎቅ ተከራየ? ብድሩ ለማን፣ በምን ያህል ወለድ፣ ለስንት ዓመት ተሰጠ? ሜሪተርን የጣለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። እሱን ደግሞ ፎቁን ቀና ብሎ በማየት ማወቅ አይቻልም፣ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ይጠይቃል።

ጸሐፊው ይሄን ካነበቡ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። ሌላው አስተያየት ነው፣ ይቆይ። ግን ባንኩን ያፈረሰው ሕንፃው ነው የሚለውንና ድሃ ለማራቅ ነው የሚለውን ሁለት አንቀጾች ያርሙልን። ወደ ፊላደልፊያ ብቅ ካሉ ደግሞ እኔ ራሴ አሳያቸዋለሁ፤ ከድሮው የሬዲንግ ጣቢያ በኩል ቆመን ዓምዶቹን ከታች ጀምረን ወደ ላይ እንቆጥራቸዋለን።